የሲሊከን አኖድና የኤሌክትሮላይት አዲቲቭ፦ ፕሮፖዛላችን ምን ይጠይቅ?

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ናችሁ? ጎንደር ማራኪ ተሰብስበን ለሊቲየም ባትሪ ምርምራችን የተስማማንበት ርዕስ «የኤሌክትሮላይት አዲቲቮች በሲሊከን አኖድ ላይ ያላቸው ውጤት» የሚል ነው፤ ሊቲየም በሚያመላልሰው ፈሳሽ (ኤሌክትሮላይት) ላይ በትንሹ የሚጨመሩ ነገሮች በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ (አኖድ) ላይ የሚያመጡት ለውጥ ማለት ነው። በዚሁ ከሄድን ገምጋሚው «ይሄማ ተሠርቶ አልቋል» ብሎ ይመልስልናል። እስከ ዓርብ አጥብባችሁ አምጡልኝ።

መምህሩ፦ እውነትሽን ነው። ፍሎሮኢቲሊን ካርቦኔት፣ በአጭሩ ኤፍኢሲ፣ ለሲሊከን እንደሚበጅ በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል። የተለመደው የአኖድ ካርቦን፣ ግራፋይት፣ በግራም 372 ሚሊአምፒር ሰዓት ሲይዝ ሲሊከን 3,500 ያልፋል። ቻርጅ ሲደረግ ግን ሊቲየም ይገባበትና መጠኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ያብጣል፤ ሊቲየሙ ሲወጣ ይኮማተራል። ላዩ ላይ ያለው መከላከያ ሽፋን፣ ኤስኢአይ የምንለው፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ኤሌክትሮላይት ይገባና እንደገና ሽፋን ይሠራል፤ በዚያ መሐል ሊቲየም ይበላል። ኤፍኢሲ በኤሌክትሮላይቱ ካሉት ሌሎች አሟሚ ፈሳሾች ቀድሞ ይፈርስና ሊቲየም ፍሎራይድና ፖሊመር ያለበት፣ እብጠቱን የተሻለ የሚችል ሽፋን ይተዋል። ግን ሽፋኑ በተሰነጠቀ ቁጥር ኤፍኢሲው ራሱም እየተበላ ያልቃል። ያለቀ ዕለት ካፓሲቲው፣ የባትሪው የመያዝ አቅም፣ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ «ይጠቅማል ወይ?» የሚለውን ትተን «መቼ ያልቃል? ምንስ ያስጨርሰዋል?» ብለን እንጠይቅ ባይ ነኝ።

የአዘዞው ጠጋኝ፦ መምህር፣ ካለቀ አብዝቶ መጨመር ነዋ! ባትሪ ይዘው የሚመጡብኝም «እስከ ትናንት ደህና ነበር» ነው የሚሉኝ፤ ይሄው ይሆን እንዴ?

መምህሩ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ጋ የሚመጣው ባትሪ አኖዱ በአብዛኛው ግራፋይት ነው፤ ድንገት ለመውደቁ ሌላ ብዙ ምክንያት አለው፣ አናደባልቀው። አብዝቶ መጨመሩ ደግሞ ሙቀት ላይ ይከዳል። ኤሌክትሮላይቱ ውስጥ ካለው ከሊቲየም ሄክሳፍሎሮፎስፌት ጨው ጋር ሲሞቅ ኤፍኢሲ ይፈርሳል፤ ሃይድሮጅን ፍሎራይድና ጋዝ ይወጣል፣ ሴሉም ይነፋል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው 10 በመቶ አካባቢ ላይ የሚቆመው። ቪኒሊን ካርቦኔት የሚባል ሌላ አዲቲቭም አለ፤ ሽፋኑ ደህና ነው፣ ሬዚስታንሱ ግን ከፍ ይላል። ለማወዳደሪያ ይግባ።

የላብራቶሪዋ ባለሙያ፦ እኔን የሚያሳስበኝ አሠራሩ ነው። ኮይን ሴል፣ የሳንቲም ቅርጽ ያለው የሙከራ ባትሪ፣ ስንገጥም በፒፔት 100 ማይክሮሊትር ኤሌክትሮላይት እናፈሳለን፤ ኤሌክትሮዱ ላይ ያለው ሲሊከን ግን ጥቂት ሚሊግራም ነው። በዚያ ባሕር ውስጥ ኤፍኢሲው መቼ ሊያልቅ ነው? ግራፉ ያምራል፣ እውነተኛውን ባትሪ ግን አይመስልም። ስለዚህ ለአንድ ሚሊአምፒር ሰዓት ስንት ማይክሮሊትር እንደገባ ይጻፍ፤ የኤሌክትሮላይቱንም መጠን ሦስት ቦታ እንለያየው። ደግሞ ከሊቲየም ፎይል ጋር የሚገጠመው ሃፍ ሴል ይቅርብን። ፎይሉ የጠፋውን ሊቲየም እየተካ ጉዱን ይሸፍናል፣ ኤፍኢሲውንም በራሱ በኩል ይበላል። ሊቲየሙ በልክ የሆነበት ሙሉ ባትሪ፣ ፉል ሴል፣ ላይ ግን በየሳይክሉ (ቻርጅ ተደርጎ ባለቀ ቁጥር) 99.5 በመቶው ሊቲየም ብቻ ከተመለሰ ከ100 ሳይክል በኋላ የሚቀረው 60 በመቶ ያህል ነው። እዚያ መደበቂያ የለም።

ባጀቱ ላይ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ዩፒኤስ አስገቡልኝ። መብራት ሄዶ ሴሉ ቻርጁ መሐል ቆሞ ካደረ ዳታው ከሌላው ጋር አይወዳደርም። ክረምት ላይ ደግሞ ኤሌክትሮዱ በቫኪዩም ሳይደርቅ ግላቭ ቦክስ፣ አየርና እርጥበት የማይገባው የጓንት ሳጥን፣ እንዳይገባ፤ ያ የኤሌክትሮላይቱ ጨው ውኃ ሲያገኝ አሲድ ነው የሚያወጣው።

የወረታው አባል፦ የፎገራን ሩዝ ረሳችሁት? ከወፍጮ ቤት የሚወጣው ገለፈት ሲቃጠል አመዱ በአብዛኛው ሲሊካ፣ የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ፣ ነው። በማግኒዚየም 650 ዲግሪ አካባቢ ላይ ሲሊከን ይሆናል። ለምን የሰው ሲሊከን እንገዛለን?

የላብራቶሪዋ ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ የገለፈቱ ሲሊከን ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ የገጽ ስፋቱም ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ይለያያል። ኤፍኢሲው ቶሎ ቢያልቅ ከመጠኑ ነው ወይስ ከገለፈቱ? ምን ብለን እንጽፋለን?

የአዘዞው ጠጋኝ፦ ልጄ፣ ገንዘብ ሰጪ የሚገባው ግን ገለፈቱ ነው።

መምህሩ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አንደኛው ዓመት ላይ ስፋቱ የታወቀ፣ የተገዛ ሲሊከን። መለኪያችን ከተስተካከለ በኋላ በሁለተኛው ዓመት የፎገራው ይግባ። ያን ጊዜ የስፋቱ መለያየት «ምን ያስጨርሰዋል?» ለሚለው መልስ ይሰጠናል።

ጸሐፊዋ፦ እሺ፣ እንደዚያ ጻፍኩት። ሴሉ ውስጥ የቀረው ኤፍኢሲ በምን ይለካል?

መምህሩ፦ ፍሎሪንን በሚያነብ ኤንኤምአር፣ ሞለኪውልን በማግኔት በሚለይ መሣሪያ። ቅይጥን አትንኖ የሚለየው ጋዝ ክሮማቶግራፊም ይሆናል፣ ግን ጨውን አስቀድመን ካላስወገድን ኮለምኑን፣ የመለያ ቱቦውን፣ ይገድልብናል። ኤንኤምአር ያላቸውን እኔ አናግራለሁ፤ ናሙናው አየር ሳይነካው እንዴት እንደሚጓዝ አንቺ ጻፊው።

የላብራቶሪዋ ባለሙያ፦ ከምንም በማይዋሃደው አርገን ጋዝ ውስጥ በታሸገ ቱቦ ነዋ። የአርገኑን ሲሊንደር ግን ባጀቱ ላይ አላየሁትም።