ከአንድ ፎልደር ውስጥ ሰነዶቹን ብቻ ለይቼ መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ አቃተኝ

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ታግዬ መላ ስላጣሁ፣ የምታውቁ እንድትረዱኝ እለምናለሁ።

ለዓመታት የጻፍኳቸው ሰነዶች ከቪዲዮዎች ጋር በአንድ ፎልደር ውስጥ ተቀላቅለዋል። ፎልደሩ 210 ጊጋባይት ነው፤ ሰነዶቹ ብቻቸውን ግን 3 ጊጋባይት አይሞሉም። ያለኝ ፍላሽ 64 ጊጋባይት ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣው የመጠባበቂያ ፕሮግራም የሚያስመርጠኝ ፎልደር ብቻ ነው፦ ወይ ሙሉውን መውሰድ፣ ወይ ሙሉውን መተው። የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ብቻ ለይቼ የማዝበት ቦታ አጣሁ። ትናንት ማታ 28 በመቶ ላይ ሲደርስ «በቂ ቦታ የለም» ብሎ ቆመ። ፍላሹን ስከፍተው በቪዲዮ ተሞልቷል፤ ከሁሉ በላይ የምሳሳለት የመመረቂያ ጽሑፌ ግን የለበትም። በጣም ደነገጥኩ። እሱን ለጊዜው በእጄ ገልብጫለሁ፤ የቀሩት በ140 ንዑስ ፎልደሮች ተበትነዋል።

ሮቦኮፒ (Robocopy) የተባለው የዊንዶውስ ፋይል መገልበጫ ትእዛዝ በፋይል ዓይነት መለየት እንደሚችል አንብቤአለሁ። ነገር ግን «ኤምአይአር» (/MIR) የሚለው የትእዛዙ አማራጭ ከምንጩ የጠፋውን ፋይል ከመድረሻውም ስለሚሰርዝ ፈራሁት። በስህተት ያጠፋሁት ሰነድ ከፍላሹም ቢጠፋብኝ መጠባበቂያው ምን ይረባኛል?

የንዑስ ፎልደሮቹን አቀማመጥ ጠብቆ፣ አዲስና የተለወጠ ሰነድ ብቻ በየማታው የሚገለብጥ፣ ምንም የማይሰርዝ ትእዛዝ ወይም ነጻ ፕሮግራም ታውቃላችሁ? ትእዛዙን ሙሉውን ብትጽፉልኝ ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ።