ጥቆማ፦ የአከርካሪ እጢ ላለበት ሰው ከባሕር ዳር የት ይኬዳል?

«ባሕር ዳር ላይ የአከርካሪ እጢ በትንሽ ቀዳዳ የሚያወጣ አለ ወይ?» ብለሽ ስለ እናትሽ የጠየቅሽው እህት፣ መጀመሪያ የታላቅ እህቴን ነገር ልንገርሽ።

ስምንት ወር ሙሉ «ዲስክ ነው» ስትባል ኖረች። መርፌ ተወጋች። የወገብ ቀበቶም ገዛንላት። ቀን ቀን ትንሽ ደገፋት፣ ሌሊት ግን ምንም አልፈየደም። ጋደም ስትል ስለሚብስባት ቁጭ ብላ ነበር የምታነጋው። እንዲህ ሌሊት የሚጠና ሕመም ካለ ለቀበቶ የምታወጡትን ብር ለኤምአርአይ አድርጉት።

ኤምአርአዩም በኮንትራስት ይሁን። መድኃኒቱ በደም ሥር ሲገባ እጢው ከሌላው ተለይቶ ይጎላል። እኛ መጀመሪያ ያለ ኮንትራስት አስነሥተናት ድጋሚ ከፈልን። ሁለተኛውን ፊልም መስኮቱ ላይ ዘርግተን ስናየው፣ ባቄላ የምታህል ነጭ ነገር ነርቩ ላይ ተለጥፋለች። ሽዋኖማ ትባላለች፤ ከነርቭ ሽፋን የምትነሣ፣ ካንሰር ያልሆነች። ሲዲውንም መቀበል አትርሱ፣ ሐኪሞቹ አብዝተው የሚጠይቁት እሱን ነው።

«ሄማንጂዮማ» (ከደም ሥር የሚሠራ፣ ካንሰር ያልሆነ እጢ) ተብሎ የተጻፈላችሁ ደግሞ አትደንግጡ። ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ አለው፣ አብዛኛው ሳይነካ ይኖራል።

ሐኪም ቤቱን በተመለከተ፣ እኔ ከፈለገ ሕይወት ወይም ከጥበበ ግዮን ነው የምጀምረው። ጥበበ ግዮን በአዴት መንገድ ስለሆነ ራቅ ይላል። እዚህ ባይሠራ እንኳ ሪፈሩ ከዚህ ይጻፋል። የጤና መድን ያላችሁ ሪፈር ሳትይዙ አዲስ አበባ እንዳትሄዱ።

አሁን ወደ ቀዳዳዋ። በኢንዶስኮፕ ሲሠራ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ተከፍቶ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ይገባል። ጡንቻው ብዙ አይጎዳም፣ የሚፈሰው ደም ትንሽ ነው፣ ሰውየው ቶሎ ይነሣል። ደስ ይላል። ግን ለሁሉም እጢ አይሆንም። እጢው ከኅብለ ሰረሰር ሽፋን ውስጥ ከሆነ፣ ከወጣ በኋላ ሽፋኑ ፈሳሽ እንዳያሾልክ ጥብቅ ተደርጎ መሰፋት አለበት። በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ይኼ በጣም ከባድ ነው። የእህቴም እዚያው ውስጥ ስለነበረ ሐኪሟ ሰፋ አድርጎ ከፍቶ፣ እያጎላ በሚያሳይ ማይክሮስኮፕ መሥራትን መረጠ። አዲስ አበባ ተሠራች። ጠባሳዋ የመሐል ጣቴን ያህላል፣ ሌሊቱን ግን ትተኛለች።

ስለዚህ «ኢንዶስኮፕ አላችሁ?» ብለሽ አትጀምሪ። «የእናቴ እጢ ከሽፋኑ ውስጥ ነው ውጪ? እንዲህ ያለውን በዓመት ስንት ትሠራላችሁ?» በይ። በማይክሮስኮፕ እጁ የፈታ ሐኪም፣ በኢንዶስኮፕ ገና ከሚለማመድ ይሻላል ባይ ነኝ። የወጣው እጢ ለፓቶሎጂ (ምንነቱ በላቦራቶሪ ለሚታይበት ምርመራ) መላኩንም አረጋግጪ፣ በእኛ አገር የአከርካሪ ቲቢም እጢ መስሎ ይመጣል።

አዲስ አበባ ከተሠራች ስትመለሱ ብር ተበድራችሁም ቢሆን በአውሮፕላን አምጧት። አንድ ሰዓት ነው። የአባይ በረሃን ጠመዝማዛ በአዲስ ስፌት አትሞክሩት።

እግሯ እየከዳት ከሆነ ወይም ሽንት እንቢ ካላት ግን ይኼን ሁሉ ተይው። ነገን ሳትጠብቂ ዛሬ ማታውኑ ድንገተኛ ክፍል አድርሻት።