የድራግ ሬስ አናውንሰር መሆን ለሚፈልገው ወንድማችን

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ወንድማችን ሰሞኑን ጠይቆ ነበር። አሜሪካ ከመጣ ትንሽ ቆይቷል፣ መኪና ነፍሱ ነው፣ ድምፁም ያምራል ይሉታል፣ የድራግ ሬስ አናውንሰር፣ ማለትም የመኪና ውድድሩን በማይክ ለተመልካች የሚተርክ ሰው፣ መሆን ይችል እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። አብዛኞቻችሁ «በዚህ አክሰንት አይሆንም፣ ሲዲኤልህን (የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድህን) አውጣ» አላችሁት። እኔ ቅዳሜና እሁድ አንድ ትንሽ ትራክ ላይ ማይክ እይዛለሁ። በዚህ አልስማማም።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሥራውን እወቀው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቆሞ ቀጥ ባለ መስመር ይሮጣል። ርቀቱ በተለምዶ ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ ትናንሽ ትራኮች የዚያን ግማሽ ያስሮጣሉ። ናይትሮሜቴን በሚባል ነዳጅ የሚሮጡት ትልልቆቹ የናይትሮ መኪኖች ግን በ2008 ሾፌሩ ስኮት ካሊታ ኒው ጀርዚ ውስጥ ኢንግሊሽታውን ላይ ከሞተ ወዲህ 1,000 ጫማ ብቻ ነው የሚሮጡት። ከእነሱ ፈጣኑ፣ ቶፕ ፊውል የሚባለው፣ ይህን ከ4 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ530 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በዚያች ቅጽበት አናውንሰሩ የሚለው ነገር የለም። ቢልም የሚሰማው የለም፣ ሞተሩ ሁሉን ይውጠዋል። ሥራው ያለው ከሩጫው በፊትና በኋላ ነው። ስለዚህ ድምፅ አምሮ ብቻ አይበቃም፣ ማወቅ ነው የሚጠይቀው።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። የግራው ሾፌር መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን በ0.050 ሰከንድ ተነሳ፣ መንገዱን በ3.800 ጨረሰ። የቀኙ በ0.100 ተነስቶ በ3.770 ጨረሰ። ሰሌዳው ላይ ቀኙ ፈጣን ነው፣ ያሸነፈው ግን ግራው ነው፣ ምክንያቱም ለመነሳት የፈጀው ጊዜ ሲደመር 3.850 እና 3.870 ይመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጆቹ ጋር የመጣ ሰው ይህን ሲያይ ግራ ይገባዋል። ወዲያው በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ካስረዳኸው ግን ቀኑን ሙሉ ይከታተልሃል፣ ለቀጣዩም ይመጣል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሩጫ ሲቆም ነው። ሞተር ይፈነዳል፣ ዘይት መስመሩ ላይ ይፈሳል፣ ጽዳቱ ይረዝማል። ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ማይኩ ደግሞ አንተ ጋ ነው። ያኔ ነው የተዘጋጀና ያልተዘጋጀ ሰው የሚለየው። አናውንሰሩን ቦብ ፍሬይን ሰዎች ዛሬም የሚያነሱት የሾፌሮቹን ታሪክና ቁጥር ስለሚያውቅ ነው። በ2022 ያረፈው ዴቭ ማክሌላንድም ለአሥርተ ዓመታት የስፖርቱ ድምፅ የተባለው ሰውን ሳያሰለች መናገር ስለሚችል ነው። ደብተር ያዝ። ፒት ውስጥ፣ መኪኖቹ የሚዘጋጁበት ቦታ፣ ዙር። ማን ከአባቱ ጋር እንደሚሠራ፣ ማን ሌሊቱን ሞተር ሲቀይር እንዳደረ ራሱን ጠይቀህ ጻፍ።

አደጋ ሲደርስ ደግሞ የምትለው ትንሽ ነው። የነፍስ አድን ሠራተኞች ደርሰዋል፣ መረጃ ሲመጣ እነግራችኋለሁ፣ በቃ። መገመት የለም። የሾፌሩ እናት ወይም ሚስት እዚያው ተቀምጣ እየሰማችህ ሊሆን ይችላል። ይህን የማይጠብቅ ሰው ማይክ ባይይዝ እመርጣለሁ።

አክሰንቱን በተመለከተ፣ እኔ እስካየሁት ድረስ ተመልካች የሚያስቀይመው የሾፌሩ ስም ሲበላሽ ነው። እኛ ስማችን በየቢሮው ሲበላሽ ምን እንደሚሰማን እናውቃለን። ስለዚህ ሄደህ «ስምህን እንዴት ልጥራው?» በል። በቀስታ ተናገር፣ ዓረፍተ ነገርህን አሳጥር። የትራክ ስፒከር ያስተጋባል፣ ፈጣን ንግግር የማንም ይሁን የማን አይሰማም።

መግቢያው ትንሹ ትራክ ነው። ሌሎቹ የሚሰለቹበትን የአማተር ምሽት እርዳ። ብራኬት የሚባለውን የውድድር ዓይነት በደንብ ተማር፤ ሾፌሩ መኪናው መስመሩን በስንት ሰከንድ እንደምትጨርስ አስቀድሞ መስታወቱ ላይ ይጽፋል፣ ከጻፈው ፈጥኖ ከገባ ሊሸነፍ ይችላል። አናውንሰሩ የሚቀመጥበት ማማ ላይ ሰዓት የሚመዘግቡትን አግዝ፣ ወረቀት አመላልስ። አንድ ቀን ዋናው ሰው ይቀራል። የጆሮ መከላከያህን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ አድርግ። ናይትሮ አጠገብ ያለ መከላከያ መቆም ጆሮህን መጉዳት ነው።

አሁን ማንም ያላነሳው የወረቀት ጉዳይ። በተማሪ ቪዛ፣ በኤፍ ዋን ላይ ከሆንክ ያለ ፈቃድ ተከፍሎህ አናውንሰር ሆነህ መሥራት አትችልም፣ ክፍያው በኮንትራት ነው ብለህ አትለፈው። የሥራ ቪዛው ኤች ዋን ቢም ከቀጣሪህ ጋር ያስርሃል። ግሪን ካርድ ካለህ ግን ችግር የለም። ትራኮች አብዛኛውን ጊዜ እንደ ኮንትራክተር ስለሚከፍሉ ታክስ አይቆርጡልህም። ወጪህን ቀንሰህ በዓመት 400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከቀረህ የራስህን ታክስ ማስገባት አለብህ፣ የግል ሥራ ታክሱ ብቻ 15.3 በመቶ ነው። ከእያንዳንዱ ክፍያ ለይተህ አስቀምጥ።

ዋና ሥራህን አትልቀቅ። ከዚህ የሚኖሩት ጥቂት ናቸው፣ እነሱም ብዙውን ጊዜ በየከተማው ይዞራሉ፣ ጎን ለጎን ቴሌቪዥንና ጽሑፍ ይሠራሉ። ሲዲኤሉንም ብትፈልግ አውጣው፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የት ስቴት እንዳለህና ቪዛህ ምን እንደሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ቅርብ ከሆንክ አንድ ቅዳሜ ማማው ላይ ከእኔ ጋር ተቀምጠህ ማየት ትችላለህ።