ከውጭ ለደሴ ዕቃ ስናዝዝ፦ ገንዘቡ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት

ጥያቄ፣ ከጅዳ

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ያለችው ታናሽ እህቴ ልብስ ስፌት ተምራ ጨርሳ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ትንሽ ቤት ተከራይታለች። የኢንዱስትሪ ስፌት ማሽን ከቻይና በኢንተርኔት ልገዛላት አስቤ አንድ ሻጭ አገኘሁ። ዋጋው ደሴ ከሚጠሩላት ከግማሽ በታች ነው። የምንገናኘው በቴሌግራም ሲሆን ገንዘቡን ዛሬውኑ በአንድ ሰው ስም ላኪልኝ፣ በካርጎ አዲስ አበባ ድረስ አደርስልሻለሁ ይለኛል። ይታመናል? ሰው ቤት ሠርቼ ያጠራቀምኩት ስለሆነ ፈርቻለሁ።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

እህታለም፣ አብሽሪ፤ ገንዘቡ ገና እጅሽ ላይ ነው። አትላኪ።

እኔ ኮምቦልቻ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ነኝ። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ የሚመጣውንም፣ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገብቶ በመኪና የሚደርሰውንም ዕቃ ወረቀቱን አያለሁ። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ማሽኑ የተዘረፈበት ብዙ ሰው አለ፤ ውጭ ያለ ወገኑ ደርሶለት ሱቁን መልሶ የከፈተም እንደዚያው። የዚህ ገንዘብ እያንዳንዷ ሪያል በምን እንደተገኘች ስለማውቅ በዝርዝር ልጻፍልሽ።

ከነገርሽን ውስጥ ሦስት ነገር አልወደድኩም፦ «ዛሬውኑ» ማለቱን፣ በግለሰብ ስም ማስላኩን፣ እንደ አሊባባ ካለው የኢንተርኔት ገበያ ውጭ በቴሌግራም መነጋገሩን። እውነተኛ ፋብሪካ ሒሳቡ በድርጅቱ ስም ነው። ቻይና ውስጥ የተመዘገበ ድርጅት ሁሉ ፈቃዱ ላይ 18 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው። የፈቃዱን ፎቶ ጠይቂው። ፈቃዱ ላይ ያለው የቻይንኛ ስምና የባንክ ሒሳቡ ስም ካልተገናኘ ንግግሩ እዚያው ያበቃል። «ሒሳቡ የሥራ አስኪያጃችን ነው»፣ «የድርጅቱ ሒሳብ ለኦዲት ተዘግቷል» የሚሉትን ምክንያቶች ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ፤ አንዱንም አትቀበይ።

በአሊባባ ወይም በአሊኤክስፕረስ ላይ ስታዝዢ ገንዘብሽ ወዲያው ሻጩ ኪስ አይገባም፤ ገበያው በመሃል ይዞት ይቆያል። ክርክር ቢነሳ ዳኛ አለሽ ማለት ነው። ይህ የሚሠራው ግን ትዕዛዙም ክፍያውም እዚያው ገበያው ውስጥ ሲያልቅ ብቻ ነው። ሻጩን እዚያ አግኝተሽው «ኮሚሽን እንዳይቆርጡብን በውጭ እንጨርስ» ካለሽና ከተስማማሽ ጥበቃው በሙሉ ይቀራል። አሊባባ ላይ «ጎልድ ሰፕላየር» የሚለው ምልክትም ሻጩ በየዓመቱ ከፍሎ የሚያገኘው አባልነት ነው፤ ታማኝነቱን አይመሰክርም። «ቬሪፋይድ» የሚለው ይሻላል፤ እንደ ኤስጂኤስ ያሉ የውጭ መርማሪ ድርጅቶች ፋብሪካውን አይተውታል ማለት ነው። ቢሆንም ያዩት ፋብሪካውን እንጂ የአንቺን ማሽን አይደለም።

የዋጋውን ነገር ደግሞ እንይ። የኢንዱስትሪ ስፌት ማሽን ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ብቻ ተነጥሎ ይሸጣል። ፎቶው ላይ ጠረጴዛው፣ እግሩ፣ ሞተሩና ፔዳሉ ይታያል፤ ዋጋው ግን የጭንቅላቱ ነው። ሻጩ አጭበርባሪ ባይሆን እንኳ እህትሽ ጋ የሚደርሰው መስፋት የማይችል ብረት ይሆናል። ስለዚህ «ከነጠረጴዛው፣ ከነእግሩ፣ ከነሞተሩና ከነፔዳሉ ሙሉ ነው ወይ? ሞተሩ ሰርቮ (ሲረገጥ ብቻ የሚሽከረከር) ነው ወይስ ክላች (ሁልጊዜ የሚሽከረከር)? ባለ 220 ቮልት ሲንግል ፌዝ (የቤት መብራት) ነው ወይስ ባለ 380 ስሪ ፌዝ (የፋብሪካ መስመር)?» ብለሽ በጽሑፍ አስመልሺ። ስሪ ፌዝ ከሆነ የተከራየችው ቤት መስመር አይችለውም። የታወቁ ማሽኖችን ስም በአንድ ፊደል አጣመው የሚለጥፉም ስላሉ የስም ሰሌዳውን በቅርብ የተነሳ ፎቶ ጠይቂ። የዛሬው ቀንና የአንቺ ስም በወረቀት ተጽፎ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ፣ ጨርቅ ሲሰፋ የሚያሳይ ቪዲዮም አስልኪ። ፎቶ ከኢንተርኔት የሚለቅም ሰው ይህን ማድረግ ያቅተዋል።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው ይህን ነው። የምትከፍይው አንቺ ጅዳ ሆነሽ፣ ዕቃውን የምትቀበለው እህትሽ ደሴ ሆና ነው። የመከራከር መብት ያለው ከፋዩ፣ ጉድለቱን የሚያየው ተቀባዩ። እኛ ወገኖች ገንዘብ የምናጣው በአብዛኛው በዚህ መሃል ነው። የገዢ ጥበቃ ሁሉ ቀን አለው። በፔይፓል (በኢንተርኔት መክፈያው) የከፈለ ሰው አቤቱታ የሚያቀርብበት 180 ቀን የሚቆጠረው ከከፈለበት ዕለት ነው፤ ዕቃው ደሴ ከገባበት አይደለም። በመርከብ የሚመጣ ዕቃ ጅቡቲ ላይ፣ ከዚያም ደረቅ ወደብ ላይ ሲቆይ ያ ቀን እየነጎደ ነው። ዕቃው ገብቶም ተቀባይ ካርቶኑን ሳይከፍት «ሱቁ ቀለም ተቀብቶ ይለቅ» ብሎ ጥግ ያስቀምጠዋል። ሲከፈት ተሰብሯል፤ ጅዳ ያለችው እህት ስታመለክት ቀኑ አልፏል።

ስለዚህ ከማዘዝሽ በፊት ከእህትሽ ጋር ተነጋገሪ። ጥበቃው መቼ እንደሚያበቃ አንቺ ስልክሽ ላይ መዝግቢ፤ አሊኤክስፕረስ ላይ ዕቃው ከዘገየ የጥበቃውን ጊዜ እንዲያራዝምልሽ ሻጩን መጠየቅ ትችያለሽ። እሷ ደግሞ ካርቶኑ ሳይከፈት ጀምራ በቪዲዮ ትቅረጽ፤ የተለጠፈው አድራሻና ቁጥር ይታይ፣ እሽጉ ሲቀደድ ይታይ፣ ማሽኑ ተሰክቶ ሲሠራ ይታይ። በዚያው ቀን ትላክልሽ። «ደርሶኛል» የሚለውን ቁልፍ ያን ቪዲዮ ሳታዪ አትንኪ፤ ሻጩ ቢለምንሽም፣ ለልጆቼ ብሎ ቢያለቅስም።

በሃዋላ፣ በዌስተርን ዩኒየን ወይም በቀጥታ የባንክ ዝውውር የሄደ ገንዘብን ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው። በካርድ የሄደ ግን መንገድ አለው። አሜሪካ ያላችሁ፦ በክሬዲት ካርድ ከፍላችሁ ዕቃው ካልመጣ፣ ክፍያው የታየበት የካርዱ ሒሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ሕጉ ከ1974 ጀምሮ ያለ ነው። እንግሊዝ ያላችሁ፦ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይና እስከ 30 ሺህ ፓውንድ ለሆነ ዕቃ ክሬዲት ካርድ ሰጪው ባንክ ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ነው። ዴቢት ካርድ ይህ የሕግ ከለላ የለውም። ለቤተሰብ ትልቅ ዕቃ ስታስቡ ከወንድማማቾች መካከል እንዲህ ያለ ካርድ ያለው ሰው ይክፈል፤ ሌሎቻችሁ ለእሱ አዋጡለት።

አንድ የማውቀው ነጋዴ የገጠመውን ልንገራችሁ፣ ኮንቴይነር የምታስመጡ ካላችሁ ይጠቅማል። ዕቃ ካዘዘበት የውጭ ፋብሪካ ቀድሞም አስመጥቷል። ቀብዱን 30 በመቶ ከፍሎ ቀሪውን የቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) ኮፒ ሲያይ ሊከፍል ተስማምቷል። በመሃል «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል መጣ፤ አርማው፣ ፊርማው፣ የትዕዛዝ ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ነው። የላኪው አድራሻ ግን አንድ ፊደል ተለውጦበታል። ቀሪው 70 በመቶ በዚያ ሄደ። የሒሳብ ለውጥ የሚል መልእክት በመጣ ቁጥር ቀድሞ በምታውቁት ስልክ ደውሉ፤ ኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ስልክ አይደለም።

ቀረጡን በአጭሩ፦ የሚሰላው ከዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣና መድን ተደምሮ ነው። ግብሩም አንዱ በሌላው ላይ ነው የሚቆለለው። ከፍተኛው ቀረጥ 35 በመቶ በሚከፈልበት ዕቃ ላይ ብናሰላው 100 ዶላሩ 135 ይሆናል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲገባበት 155.25፤ 10 በመቶ ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ግብር) ሲታከልበት ከ170 ያልፋል። ኤክሳይዝና ሌሎች ክፍያዎች አልተቆጠሩም። 35 በመቶው የቀረጡ የላይኛው ጣሪያ ነው፤ የስፌት ማሽን የጉምሩክ ምድብ ቁጥሩ 8452 ስለሆነ እህትሽ ይህን ቁጥር ይዛ እዚህ ኮምቦልቻ ጉምሩክ ትጠይቅ። ሻጩ «ኢንቮይሱ (የዋጋ መጠየቂያው) ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርጌ እጽፍልሻለሁ» ካለሽ እምቢ በይው። ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ አለው፣ ቅጣትም ያመጣል። በዚያ ላይ ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ ካሳው የሚሰላው በተጻፈው ትንሽ ዋጋ ነው።

መልስ፣ ከቨርጂኒያ

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥህ። አሜሪካ ያለን ሰዎች ላይ የሚደጋገም አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ያለው መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ነው፤ አገር ቤት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። «ትራንስፎርመር እንገዛለን» ይባላል፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። በኸርዙ ልክ የሚሽከረከር ሞተር ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ ይግላልም። ለእናቶቻችን ማቀዝቀዣም ሆነ ማሽን ስናስብ ከዚህ ጭነን ከመላክ ባለ 220ውን ማዘዝ ይሻላል። ባትሪ ያለውን ዕቃ ደግሞ አስቀድማችሁ ለአጓጓዡ ንገሩ፤ ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ላይ ጥብቅ ደንብ አለው።

መልስ፣ ከደሴ

እኔ ደሴ አራዳ ሱቅ አለኝ። ስለ ትንንሽ ጥቅል ነው የምጽፈው። በፖስታ የተላከ ዕቃ የመከታተያ ቁጥሩ 13 ፊደልና አኃዝ አለው፦ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ መጨረሻ ላይ የላኪው አገር ሁለት ፊደል፤ ከቻይና ከሆነ «ሲኤን»። ሻጩ የሰጣችሁን ቁጥር ራሳችሁ ፖስታ ቤቱ ገጽ ላይ አስገቡት እንጂ እሱ በላከው ሊንክ አትግቡ። «ጥቅልዎ ደርሷል፣ ለማውጣት በዚህ ቁጥር በቴሌብር ይክፈሉ» የሚል መልእክት ከግል ስልክ ቢመጣም አትክፈሉ፤ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።

ለወላጆች መድኃኒት የምታዝዙም አስቡበት፤ ያለ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አይገባም፣ እውነተኛነቱንም ከዚህ ሆነን ማረጋገጥ አንችልም። ድሮን ለሠርግ ቀረጻ ብላችሁ የምትልኩም እንዲሁ፤ ያለ ፈቃድ ይያዛል።

ከጅዳ

አላህ ይስጣችሁ። የፈቃዱን ፎቶና ቪዲዮውን ስጠይቀው «ካላመንሽኝ ተይው» ብሎ ዘጋኝ። አሊባባ ላይ ሌላ ሻጭ አግኝቼ ኢንቮይስ ልኮልኛል፤ ወንድሜ እይልኝ ብዬ ላኩልህ። ዋጋው ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ከኮምቦልቻ

አየሁት። ድርጅቱና ሒሳቡ ይገናኛሉ፣ ማሽኑም ከነጠረጴዛውና ከነሞተሩ ሙሉ ነው ይላል፤ ክፍያው ግን ቀድሜ እንዳልኩሽ እዚያው አሊባባ ውስጥ ይፈጸም። ሦስት ነገር ግን ሳትከፍይ አስተካክይ። የማሽኑ ሞዴል ተጽፏል፣ የሞተሩ ቮልትና ፌዝ አልተጻፈም፤ ያስገባው። ማጓጓዣው «ኤክስ ዎርክስ» ነው የሚለው፤ ይህ ማለት ከፋብሪካው በር ጀምሮ ያለው ወጪ ሁሉ ያንቺ ነው። አዲስ አበባ ድረስ ስንት እንደሚሆን በሌላ መስመር ይጻፍልሽና ያን ጊዜ ከደሴው ዋጋ ጋር አወዳድሪ፤ ቀረጡን ደምረሽ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ እዚያው ደሴ አይታና ሞክራ ትግዛ፣ ቢበላሽም ሻጩ ጎረቤቷ ነው። የተቀባይ ስም ደግሞ እህትሽ መታወቂያዋ ላይ እንዳለው፣ እስከ አያት ስሟ፣ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ በትክክል ይግባ። አሁን ያለው አንድ ፊደል ጎድሎታል፤ ዕቃው ሲደርስ በእሱ ምክንያት ያመላልሷታል።