የወፍ በሽታው አልለቅ ብሎናል፣ የምታውቁ እባካችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። የዛሬ ሦስት ወር ተኩል ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቱ ኮካ መሰለ። ምርመራው ሄፓታይተስ ኤ (ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ) አለ። ይሄማ በሁለት ወር ውስጥ ይለቀዋል ተባልንና ተረጋጋን።

ቢጫው ግን ዛሬም አለ። ከሁሉም የባሰው ማሳከኩ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል፤ እግሩ ቆስሏል። በአልትራሳውንድ የሐሞት ጠጠር አልታየም። ሐኪሙ እንዳለን፣ ይህ ቫይረስ አልፎ አልፎ ጉበት ውስጥ የሐሞትን ፍሰት ለወራት ያውካል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በራሱ ይድናል። ጉበቱ ሥራውን መሥራቱን የሚያሳየው የደም መርጋት ምርመራ ደህና ነው፤ አይቀባዥርም። ያ ትንሽ አጽናንቶኛል።

እናቴ ደግሞ የወፍ ቅጠል የሚሰጡ ሰው አግኝታለች። ጉበቱን ጭራሽ እንዳይጎዳው ፈርቼ እምቢ አልኩ፤ ይኸው ተኳርፈናል።

እንዲህ ለወራት የቆየበት ሰው አለ? ስንት ጊዜ ወሰደበት? ለማሳከኩ ኮሌስታይራሚን የሚባል ዱቄት ታዞለት ነበር፤ አዲስ አበባን ዞሬ አጣሁት። ሐኪማችሁ በምን ተካላችሁ? ማታ በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠብ ለአንድ ሰዓት ያህል ይተወዋል፤ ከዚያ እንደገና ማከክ ነው።