ለሦስት ሰው የሚሆን ጦርነት የትኛው ነው?

ባለ ካርታው፦ ጠረጴዛ ላይ በካርታ የምንጫወተው የጦርነት ጨዋታ አብዛኛው የሚሠራው ለሁለት ሰው ነው። አድዋ ሁለት ወገን ነው፤ ማይጨውም ሁለት። እኛ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኘው ሦስት ነን። ባለፈው አድዋን ስንጫወት አንዳችን ማታውን ሙሉ ቡና ሲያፈላ አመሸ። ስለዚህ ከ1877 እስከ 1881 ዓ.ም. የነበረውን የሰሜኑን ጦርነት አቀርባለሁ። አፄ ዮሐንስ መሃል፣ ጣሊያን በምፅዋ በኩል፣ ድርቡሽ (የሱዳኑ የማህዲ ጦር) በመተማ በኩል። ካርታው ራሱ ሦስት ጉልቻ ነው። ምን ትላላችሁ?

ሪስክ የሰለቻት፦ የሦስት ሰው ጨዋታ ሁሉ አንድ በሽታ አለበት። ሁለቱ ይስማሙና አንዱን ይጨርሱታል። ሪስክ በሚባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ላይ ስንት ጊዜ በጊዜ ወጥቼ ስልኬን ስነካካ አመሸሁ! ያንተው ደግሞ ይባስ። ጣሊያንና ድርቡሽ መነጋገር እንኳ አያስፈልጋቸውም። ዮሐንስን የያዘውን ሰው በየተራ ይነክሱታል። ይሄ ጨዋታ ሳይሆን ቅጣት ነው።

ባለ ካርታው፦ መሃል መሆን ጉዳት ብቻ አይደለም። ራስ አሉላን አስቢያቸው። መስከረም 1878 ኩፊት ላይ ድርቡሽን መቱ። በ1879 ደግሞ ዞረው ዶጋሊ ላይ 500 ያህል የጣሊያን ወታደር ደመሰሱ። መሃል ያለ ሰው ጦሩን በአጭር መንገድ ያዞራል። ጣሊያንና ድርቡሽ ግን ቢፈልጉም አይረዳዱም። ደግሞ ወዳጆች አልነበሩም፤ በ1886 አቆርዳት ላይ እርስ በርስ ተዋግተዋል፤ በዚያው ዓመት ጣሊያን የሱዳኗን ከተማ ከሰላን ከድርቡሽ እጅ ወሰደ።

ዳር ያዥ፦ እኔን የሚያሰጋኝ መሃል ያለው ሳይሆን ዳር የተቀመጠው ነው። በ1880 ድርቡሽ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ አሸንፎ ጎንደርን አቃጠለ። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ጦር ይዘው ጣሊያኖች ወደመሸጉበት ሰሃጢ ወረዱ። ጣሊያኖች ከምሽጋቸው አልወጣ አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሳይዋጉ ተመለሱ። መጋቢት 1881 መተማ ላይ ወደቁ። ማን ተጠቀመ? ጣሊያን! በጥቂት ወራት ከረንንና አስመራን ያዘ። እና ጣሊያንን የያዘ ብልጥ ሰው ምን ይሠራል? ምሽጉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቆሎውን ይቆረጥማል። ሌሎቹ ሲደካከሙ ይወጣል። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ ቢቀመጥ አልችለውም።

ሪስክ የሰለቻት፦ እውነት ነው። አንተ ራስህ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትጫወተው 😂

ባለ ካርታው፦ ይሄኛው ከባድ ነጥብ ነው። ያሰብኩት እንዲህ ነው፤ ጣሊያን በየሦስት ተራው አዲስ ቦታ ካልያዘ ነጥብ ይቀነስበት። የዶጋሊ ወሬ ሮም ሲደርስ መንግሥቱ ተናግቷል፤ ስለዚህ ሕጉ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የድርቡሽ ድል ደግሞ በያዘው መሬት ሳይሆን በዘመተበት ርቀት ይቆጠር። ሦስቱም አንድ ነገር ከፈለጉ ሁለቱ ተካፍለውት ይታረቃሉ። የሚፈልጉት ከተለያየ ግን ዕርቁ አይጸናም።

ጋሼ፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ልበል። የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቆርጦ ወደ ድርቡሾቹ ከተማ ወደ ኦምዱርማን የተወሰደበትን ጦርነት በዳይስ መጫወቱ አልተዋጠልኝም። አድዋን ሁለታችሁ ተጫወቱ፤ አንዳችሁ ዳኛ ሁኑ። ፕሩሲያዊው መኮንን ራይስዊትዝ በ1824 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጦርነት ጨዋታ እንደዚያ ነበር። ሁለቱ የሚያውቁት የየራሳቸውን ብቻ ነው፤ ሁሉን የሚያየው ዳኛው ነው። ሦስተኛው ሰው ያኔ ቡና አፍይ አይሆንም።

ዳር ያዥ፦ ጋሼ፣ የዳኛው ሐሳብ ይመቸኛል። ግን ዳኛ አያሸንፍም አይሸነፍም። ቅዳሜዬን ሙሉ የሁለት ሰው ጥል ስዳኝ ልዋል? ያንን ሥራ ቦታም እሠራዋለሁ።

ሪስክ የሰለቻት፦ ጋሼ፣ ሐዘኑ ይገባኛል። ግን እኔ የመተማን ነገር በትምህርት ቤት በአንድ አንቀጽ ነው ያለፍኩት። ዛሬ እዚህ ስንከራከር የሰማሁት ይበልጣል። ይልቅ ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክስ? ጥቅምት 1880 ከጣሊያን ጋር የገለልተኝነት ውል ገብተው 5,000 ጠመንጃ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ድርቡሽን ከምይዝ ምኒልክን ልያዝ።

ባለ ካርታው፦ ምኒልክን ከጨመርን አራት ሆንን፣ ተመልሰን እዚያው። ካርድ ይሁኑ። ካርዱን የሳበ ሰው ሸዋ ዳር እንድትቆም ወይም እንድትነሳ ይወስናል። ሌላም ካርድ አለኝ። ንጉሠ ነገሥቱ ከመተማ በፊት ለድርቡሹ አዛዥ ለአቡ አንጃ ጽፈው ነበር፤ ፈረንጅ የሁለታችንም ጠላት ነው፣ እንታረቅ በሚል መንፈስ። አቡ አንጃ መጀመሪያ እስልምናን ተቀበል አለ። ጠረጴዛው ላይ ግን ድርቡሽን የያዘው ሰው እሺ ማለት ይችላል። እሺ ካለ ጣሊያን ምሽጉ ውስጥ ቆሎ መቆርጠሙን ይተዋል።

ዳር ያዥ፦ እሱ ካርድ ካለ ገብቻለሁ። ዮሐንስን እኔ እይዛለሁ።

ሪስክ የሰለቻት፦ አይሆንም፣ እኔ ነኝ ዮሐንስ። ካልሆነ ድርቡሽ።

ባለ ካርታው፦ ካርታውን የሣልኩት እኔ ነኝ እኮ! ጣሊያንን ማን ይያዝ ታዲያ?

ጋሼ፦ እኔን እንዳታዩኝ።