የማሲንቆ ሥራዬን «ምርምር አይደለም» ብለው መለሱብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ከጦሳ ሥር)
ሰላም ወገኖች። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ማሲንቆ ተጫዋች ነኝ። አሁን ሌላ ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። ለመመረቂያ ያቀረብኩት እንዲህ ነበር፦ ውጫሌ ካሉ አንድ አዛውንት እግር ሥር ቁጭ ብዬ አምባሰል ቅኝትን እማራለሁ፤ ከዚያ የ15 ደቂቃ አዲስ ሥራ ደርሼ መድረክ ላይ አቀርባለሁ።

ኮሚቴው መለሰው። «ይሄ ኮንሰርት ነው፤ መጠይቅ የለው፣ ናሙና የለው» ተባልኩ። አማካሪዬ ደግሞ «የአዛውንቱን የሕይወት ታሪክ ጻፊ፣ ማሲንቆውን ተዪው» አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልቅሻለሁ። ማሲንቆውን ከተውኩት ምኑን ልመረምር ነው? በዚህ መንገድ ያለፈ ካለ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ (አማካሪ ነኝ)
እህቴ፣ አብሽሪ። ግን ሳልሸነግልሽ ልናገር፣ ኮሚቴው ግማሽ እውነት አለው። የጻፍሽው ውስጥ ዕቅድ አለ፣ ጥያቄ ግን የለም። መማርሽን፣ መድረስሽን፣ መጫወትሽን ነገርሽን። ምን ለማወቅ እንደሆነ አልነገርሽንም።

አገሮች ምርምርን የሚቆጥሩበት የፍራስካቲ ማንዋል የሚባል ሰነድ አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው እትም አምስት መለኪያ ያስቀምጣል፦ አዲስ መሆን፣ ፈጠራ ያለበት መሆን፣ ውጤቱ አስቀድሞ ያልታወቀ መሆን፣ በዕቅድ መሠራቱ፣ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት መቻሉ። ከአምስቱ አንዱም መጠይቅ አይልም። ይሄን ለኮሚቴው ማሳየት ትችያለሽ። ያው ሰነድ ግን መድረክ ላይ መጫወት ብቻውን ምርምር ተብሎ እንደማይቆጠርም ይናገራል። ስለዚህ ክርክርሽ «ኪነጥበብም ምርምር ነው» በሚል ከቆመ ትሸነፊያለሽ። «ይሄን ጥያቄ ያለ ማሲንቆ መመለስ አይቻልም» ካልሽ ግን ሌላ ነው።

መልስ (ወሎዬ ከሜልቦርን)
እዚህ አውስትራሊያ የሙዚቃ ድርሰት፣ ዐውደ ርዕይ፣ የመድረክ ሥራ «ከተለመደው ውጭ የሆነ የምርምር ውጤት» ተብሎ ይመዘገባል። በብሔራዊው የምርምር ግምገማ ጊዜ ከሥራው ጋር እስከ 2,000 ፊደል የሚደርስ መግለጫ ይጠየቅ ነበር። መግለጫው ሦስት ነገር ይመልሳል። ከዚህ በፊት ምን ይታወቅ ነበር? የአንቺ ሥራ ምን ጨመረ? ለምን ይጠቅማል? እንግሊዞችም በ2021 እ.ኤ.አ. የምርምር ግምገማቸው ለእንዲህ ዓይነት ሥራ 300 ቃል ፈቅደዋል። አጭር ናት፣ ግን ላብ ታስወጣለች። እኔ የራሴን ስምንት ጊዜ ጽፌያታለሁ።

ዶክትሬት ላይ ደግሞ ሥራውና ጽሑፉ አብረው ይፈተናሉ። ፈታኙ ጽሑፉን ብቻ አንብቦ ማርክ ከሰጠ ማሲንቆሽ ጌጥ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ፈታኞችሽ መድረኩ ላይ እንዲገኙ በጽሑፍ ጠይቂ። ከሁሉ በላይ የምለምንሽ ይሄን ነው።

መልስ (ባቲ ሰኞ ገበያ)
እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ ማሲንቆ ግን ሃያ ዓመት መትቻለሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ። አምባሰልን ከዶ ብትጀምሪው ዶ፣ ሬ ቤሞል (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። ሠርግ ላይ ከኪቦርድ ጋር ስመታ ሁለተኛዋ ድምፅ ላይ ሁሌ እጣላለሁ። ጣቴ ጭራው ላይ የሚያርፍበት ቦታ ሌላ፣ ኪቦርዱ የሚለው ሌላ። ኪቦርዱ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ እኔ እሄድለታለሁ። አሁን አሁን ብቻዬን ስመታ እንኳ ጣቴ ወደ ኪቦርዱ ይሄዳል። ያ ያናድደኛል። ውጫሌ ያሉት አባት ጣታቸው የት ነው የሚያርፈው? እሱን አይተሽ ብትነግሪኝ እኔ ራሴ አነበዋለሁ።

መልስ (ምርምር ቢሮ የሠራሁ)
ከላይ ያለው ወንድማችን ጥያቄሽን ሰጥቶሻል። እኔ የወረቀቱን ልጨምር።

ከዛሬ ጀምሮ የቀን ማስታወሻ ያዢ። የተሳሳትሽበትን ቅጂ አታጥፊ፤ ፈታኝ የሚያምነው እሱን ነው። በስልክ የቀዳሽውን ሁለት ቦታ አስቀምጪ። የዩኒቨርሲቲውን የሴኔት ሕግ አውጥተሽ ስለ መመረቂያ ሥራ ምን እንደሚል ራስሽ አንብቢ፤ «አይፈቀድም» የሚሉሽ ሰዎች ብዙ ጊዜ አላነበቡትም። የአዛውንቱን ፈቃድ በድምፅም በወረቀትም ውሰጂ። የከዋኝ (የሚጫወተው ሰው) መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። እሳቸውን «መረጃ ሰጪ ቁጥር 1» ብለሽ አትጻፊ። ካልከለከሉሽ በስማቸው፣ መምህሬ ብለሽ ጻፊያቸው። በጀት ላይም የአበላቸውን መስመር አትርሺ።

ከጦሳ ሥር
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ቅዳሜ ውጫሌ ወርጄ ነበር። አባባን ሁለተኛዋን ድምፅ ብቻ ደጋግመው እንዲመቱልኝ ለመንኳቸው። ደጋኑን ሙጫ አሹ፣ መቱ። ወደ ላይ ሲወጡ ጣታቸው አንድ ቦታ አረፈ፤ ሲወርዱ በጥፍር ስፋት ያህል ሌላ ቦታ። «አባባ፣ የትኛው ነው ትክክሉ?» አልኳቸው። «የቱን ስታለቅሽ?» አሉኝ።

ጥያቄዬን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «በማሲንቆ አምባሰል ሁለተኛዋ ድምፅ ስትወጣና ስትወርድ የምትለያየው እንዴት ነው? ከኪቦርድ ጋር ስትመታ ምን ታጣለች? ይሄን ልዩነት የሚጠብቅ አዲስ ሥራ መድረስስ ይቻላል?» ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል። ፈታኞቹ ውጫሌ ድረስ እንዲመጡ ብጠይቅ አበዛሁት?

አማካሪ ነኝ
አላበዛሽም። አሁን ጥያቄ አለሽ። እንቢ ካሉሽ አባባን ወደ መድረኩ አምጪያቸው፤ መጀመሪያ እሳቸው ይምቱ፣ ከዚያ አንቺ። የትራንስፖርቱን ወጪ ነገውኑ በጀቱ ውስጥ አስገቢ።